ለፒክአፕ የአየር ሰስፔንሽን ያዋጣል ወይ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የማኅበራት አባላት፣ ክቡራን የወረዳ አመራሮች፤

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ሲጓዝ ዋናው ፈተና መንገዱ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ ከሚያልፈው ዋና መንገድ ሲገነጠሉ ጠጠርና ጭቃ፣ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቃል። ስለዚህ «ፒክአፑ ሲጫን ኋላው ይቀመጣል፤ አየር ይገጠምለት» የሚል ሐሳብ ቢነሳ አያስገርምም።

የአብዛኞቹ ፒክአፖች የኋላ ጭነት የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነው። የአየር ከረጢቱ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ይገባል፤ ሲጫን አየር ይሞላል፣ ሲራገፍ ይቀነሳል። ጥቅሙ እውነት ነው፦ መኪናው ቀጥ ይላል፣ የፊት ጎማው መሬት ይይዛል፣ መብራቱም ወደ ሰማይ አያይም።

ነገር ግን የመጫን አቅምን አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸው። ሊብሬው 8 ኩንታል የሚል መኪና አየር ስለተሞላለት 12 ኩንታል አይችልም። ይባስ ብሎ ኋላው ስለማይቀመጥ ትርፍ ጭነቱ ለዓይን አይታይም፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል። ከረጢቱን ድንጋይ ቢበሳው ደግሞ መለወጫው እንደ ባሌስትራ በየጋራዡ አይገኝም።

ስለዚህ በቅድሚያ የደከመው ባሌስትራ ይታደስ፤ ጭነቱ በሊብሬው ልክ ይሁን፤ ትርፉ በአይሱዙ ይጫን። አየር የሚያዋጣው ፒክአፑ በልኩ እየጫነ ባዶውንም ብዙ የሚመላለስ፣ የአየሩን ልክ ሳይሰለች የሚለካ ሾፌርም ያለው ከሆነ ነው። ገንዘቡ የአባላት ነውና የሥራ አመራር ኮሚቴው ከመግዛቱ በፊት ይህን ይመዝን፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

መልካም በዓል!