ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ
ለአካባቢ ማኅበራት ስለሚሰጥ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ፣ በእርዳታ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ድርቅ በተሰበሰብን ቁጥር አስቀድመን የምንነጋገረው ስለ እህል፣ ስለ ጭነት መኪናና ስለ መጋዘን ነው። የተራበ ሰው አስቀድሞ መብላት አለበትና ይህ ተገቢ ነው። እኔ ግን በኩንታል ስለማይለካ አንድ ጉዳይ እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ይኸውም በየቀበሌው ሕፃናትንና ቤተሰቦችን ለሚረዱ የአካባቢ ማኅበራት የሚሰጠው አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ነው።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም መነሻው የወሎ ረሃብ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የከፋ እልቂት ደረሰ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ቤት ብዙ ነበር። ከመጠለያውም ከሰፈራውም የተረፈው ትልቁ ጠባሳ ወላጁን ያጣው ወይም ከወላጁ የተነጠለው ሕፃን ነው።

በዚያ ዘመን እኔ ወጣት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን የአንድ መንደር የሴቶች እድር አባላት የሆኑ ሰባት እናቶች ማመልከቻ ይዘው መጡ። የሞቱ ጎረቤቶቻቸውን ልጆች በየቤታቸው ተከፋፍለው ይዘዋል፤ የጠየቁትም ብርድ ልብስና ፍየል መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነበር። እኔም ማመልከቻው ማኅተም የለውም፣ ማኅበሩም አልተመዘገበም ብዬ መለስኋቸው። ጉዳዩ በሌላ መንገድ ዞሮ ከወራት በኋላ ሲፈቀድ እናቶቹ አቅም አጥተው ልጆቹን ለከተማው የሕፃናት ማሳደጊያ አስረክበው ነበር። ከእነዚያ ልጆች ውስጥ ወደ መንደሩ የተመለሰ ስለመኖሩ አልሰማሁም። ደንቡን አክብሬአለሁ፤ ልጆቹን ግን ከቤታቸው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚህ ጋር የወይዘሮ አበበች ጎበናን ሥራ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ በረሃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተሰበሰቡት ሕፃናት 21 ደረሱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሥራቸው ትምህርት ቤትን፣ የሙያ ሥልጠናንና የእናቶችን የገቢ ማስገኛ የሚያጠቃልል ድርጅት ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው በተጀመረበት ቀን ድርጅትም ማኅተምም አልነበረም፤ የነበረው አንዲት ሴትና ሁለት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ጅምር ገና በለጋነቱ የሚያይ አሠራር አለን ወይ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት የሚሰጠው ድጋፍ አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት።

አንደኛ፣ በጊዜው መድረስ ነው። ድርቅ ሲጠና ገበሬው አስቀድሞ በግና ፍየሉን፣ ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል፤ ልጃገረዲቱን ለግርድና ይልካል ወይም ያለ ዕድሜዋ ይድራል፤ በመጨረሻም ቀዬውን ለቆ ይሄዳል። በሬው ሳይሸጥ የደረሰ ጥቂት ገንዘብ ቤተሰቡ ከተበተነ በኋላ ከሚደርስ ብዙ ገንዘብ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ልጁን ተከትሎ ወደ ቤት መግባት አለበት። ማሳደጊያ የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባውም። ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ቋንቋውን፣ ዘመዱንና የአባቱን መሬት ያውቃል፤ ለአያቲቱ የተሰጠችው ላምም ታናናሾቹን ጭምር ታጠጣለች።

ሦስተኛ፣ ድጋፉ የሥራ ማስኬጃን ማካተት አለበት። በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ዘመን ሠላሳ በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጣራ ሲሠራበት፣ የአሠልጣኝ አበልና የመጓጓዣ ወጪ ሳይቀር እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ስለነበር ብዙ ማኅበራት ተቸግረዋል። ያንን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣራውን ሃያ በመቶ ቢያደርገውም የአስተዳደር ወጪን ከፕሮጀክት ሥራ ወጪ ለይቶታል። ሂሳብ የሚጽፍ ሰው ሳንከፍልላት እናት ሂሳብ አላቀረበችም ብለን መክሰስ ፍትሕ አይደለም።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በብዙ እጅ መተላለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢስታንቡል በተደረገው የሰብአዊ እርዳታ ጉባኤ ላይ ለጋሾችና ረጂ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ ከእርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር። በተባለው ዓመት ግቡ አልተመታም።

«ገንዘቡ ቢባክንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እዚያው መንደር ውስጥ አለ። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሂሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። የጎረቤትን ዓይን የሚያህል ተቆጣጣሪ ከከተማ አይላክም። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በየወሩ ጥቂት ብር በሚያዋጣ ማኅበር ላይ ድንገት ብዙ ገንዘብ ብናፈስበት መዋጮው ይቆማል፣ መተማመኑም ይፈርሳል። ስለዚህ ድጋፉ በመዋጮው ልክ ተጀምሮ ሥራው እየታየ ይደግ።

በመጨረሻም፣ የዓመት ሪፖርታችን ስንት ሕፃናት በማሳደጊያ እንደተቀበልን ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ከቤቱ ሳይወጣ ክፉውን ዘመን እንዳለፈ የሚገልጽ አንድ ዓምድ እንዲጨመርበት አሳስባለሁ። ያ ዓምድ በእኔ ዘመን ቢኖር ኖሮ የእነዚያን ሰባት እናቶች ማመልከቻ የምመልስበት እጅ ባልኖረኝ ነበር።