ማስቀመጫ ሲጠብ የቪዲዮን ዓይነት ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በየመሥሪያ ቤቱ ቪዲዮ አንሡ፥ አቀናብሩም ተብላችሁ የምትታዘዙ፥ ዳሩ ግን ሰፊ ማስቀመጫ ያለው ኮምፒዩተር ያልተሰጣችሁ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ፥ በራሴ የደረሰውን ስሕተት ላወጋችሁ ወድጃለሁ።

አንድ ክረምት ከአምቦ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጉደር ሄጄ፥ የወንዙን ፏፏቴ በሙላቱ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል አነሣሁ። ካሜራዬ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚቀዳ ስለ ሆነ አንዱ ሰዓት 9፥ ሦስቱ 27 ጊጋባይት ሆኑ። በኮምፒዩተሬ የነበረው ባዶ ቦታ 60 ጊጋባይት ነው።

የተቀዳው በኤች 264 ነበር። ይህ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2003 የወጣው አሠራር አንዱን ምስል በሙሉ ይይዝና ከእርሱ ቀጥሎ ለሚመጡት ልዩነታቸውን ብቻ ይመዘግባል። ቦታ መቆጠቡ ስለዚህ ነው። ነገር ግን አንዱን ምስል ለማሳየት ኮምፒዩተሩ ጎረቤቶቹንም መፍታት ስላለበት በቅንብር ጊዜ ያነክሳል፤ የእኔም አነከሰ። (ኤም ፒ 4 ወይም ኤም ኦ ቪ የሚለው የፋይሉ ቅጥያ ከረጢቱ እንጂ እህሉ እንዳልሆነ በዚሁ ልብ በሉ።)

አንድ ወዳጄ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ወደሚይዘው ወደ አፕል ኩባንያ ፕሮሬስ 422 ለውጠው አለኝ። ለኮምፒዩተሩ እውነትም ይቀለዋል። ነገር ግን በ1920 በ1080 መጠን፥ በሰከንድ 25 ምስል፥ አንዱ ሰዓት 55 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። የሦስት ሰዓቱ 165 ከወዴት ይምጣ?

በችኰላ ሁሉንም በሰከንድ 2 ሜጋቢት ወደሚሆን ቀጭን ኤች 264 ለወጥሁና ዋናዎቹን አጠፋሁ። ከ3 ጊጋባይት በታች ስለ ሆነልኝ ደስ አለኝ። ቆሞ የሚናገር ሰው ቢሆን ኖሮ ከበስተ ኋላው ያለው ስለማይለወጥ ደኅና በታየ ነበር። ፏፏቴ ግን በየምስሉ ሁለንተናው ይለወጣል፤ ውሃው እንደ ጡብ ግንብ አራት ማዕዘን እየሆነ ታየ። በበጋ ብመለስ ወንዙ ቀጥኖአል። ለኃላፊዬ ያስረከብሁት ያንኑ ጡብ ነው።

እናንተ ዋናውን አትንኩ፤ ቢቻል በሌላ ዲስክም ቅዱት። ለቅንብር ግን ፕሮክሲ የሚባለውን ቀላል ቅጂ አውጡ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በሙሉ መጠኑ በሰዓት 17 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን ከእኔ ዋና ፋይል እንኳ ይበልጣል፤ ስለዚህ መጠኑን ወደ 960 በ540 አሳንሱት፤ ያን ጊዜ ከ5 ጊጋባይት አያልፍም። ኮምፒዩተራችሁ ፕሮሬስን የማይጽፍ ከሆነ የአቪድ ዲኤንኤክስኤችአር ይተካዋል። የእኔ ሦስት ሰዓት ከነዋናው 42 ጊጋባይት ቢሆን ነው፤ በ60ው ውስጥ በተመቻቸ ነበር!

ቅንብሩ ሲያልቅ ፕሮግራሙን ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች መልሳችሁ የመጨረሻውን ፊልም ከእነርሱ አውጡ። ለዚህም የፋይሎቹን ስም በመካከል አትለውጡ። በ2013 የወጣው ኤች 265 ለዚያው ጥራት የኤች 264ን ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚበቃው ያለቀውን ሥራ ለማኖር መልካም ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ግን ይከብዳል። ቦታ ከጠበባችሁ አስቀድመው የሚጠፉት ፕሮክሲዎቹ ናቸው፤ ዋናው እስካለ ድረስ በማናቸውም ጊዜ እንደገና ይወጣሉ።