መሣሪያው ለሰው ወይስ ሰው ለመሣሪያው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ መሣሪያ መልካም ነው የሚያሰኘው በወረቀት ላይ የሰፈረው ስሌት ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም። የሚገለገልበትን ሰው ኑሮ ሳያናጋ ድካሙን ሊያቀልለት ይገባል። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም፤ የእንጀራ ምጣድ በቂ ነው።

በኢትዮጵያ በየቤቱ ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ከእሳቱ ሙቀት አብዛኛው በየጎኑ ይባክናል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማስፈለጉ አያጠያይቅም። ነገር ግን ለድስት ታስቦ የተሠራ ምድጃ፥ ቁጠባው የቱንም ያህል ቢሆን፥ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የሸክላ ምጣድ አይችልም። መሐሉ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘም እንጀራው ዐይን አያወጣም። የጋጋሪዋ ሥራ ካልተጠና፥ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው አባባል ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ የተነሣው ከዚሁ ነጥብ ነው። ምጣዱ ለምድጃው እንዲመች አልተለወጠም፤ ምድጃው በምጣዱ ልክ ተቀረጸ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ፥ አነስተኛ አምራቾች በየአካባቢያቸው ሊሠሩት ይችላሉ። እሳቱ ዙሪያውን ስለሚታጠር ሙቀቱ በምጣዱ ሥር ይዳረሳል፤ በኋላ በኩል የሚወጣው ትኩስ አየርም የተጣደ ድስት ያሞቃል። በዚህም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ለመቀነስ ተችሏል።

ጥቅሙ በኪሎ ግራም ብቻ አይለካም። ማገዶ ለቅመው በጀርባቸው የሚያመጡት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የቀረላቸው ሸክም ለትምህርትና ለዕረፍት የሚተርፍ ሰዓት ነው፤ ለደኑም ዕድሜ ነው።

ይሁንና ሥራው ተፈጽሟል ማለት አይቻልም። የተለመደው ምርጥ ምድጃ ጭሱን ከቤት የሚያወጣ ጭስ ማውጫ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየቤቱ በሚነደው ማገዶና መሰል ነዳጅ ሳቢያ በሚደርስ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ማገዶውን መዝኖ የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ የዘነጋ መሐንዲስ ስሌቱ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ጋጋሪዋ የመጨረሻ ተረካቢ ሳትሆን የመጀመሪያ አማካሪ ልትሆን ይገባል። ንድፍ ከመነሣቱ በፊት የማገዶዋ ዓይነት፥ የማድቤቷ ስፋት፥ በምን ያህል ጊዜ እንደምትጋግርና ለመክፈል የምትችለው ዋጋ ይጠና። ሙከራውም በቤተ ሙከራ ሳያበቃ በማድቤቷ ይቀጥል። በምድጃ የታየው ለውኃ ጉድጓድም፥ ለመኖሪያ ቤትም፥ ለእርሻ መሣሪያም ይሠራል። ለማኅበሩ የሚቀርብ እያንዳንዱ ንድፍ ከስሌቱ ጎን የተጠቃሚውን ቃል ይዞ ቢቀርብ፥ ሙያው ለኅብረተሰቡ ያለበትን ዕዳ በተሻለ መንገድ ለመክፈል ይበቃል።