የጭሱን ዋጋ ማን ይክፈል?

(በክራዮት ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

ከሥራ ደክማችሁ መጥታችኋልና አላስረዝምባችሁም።

ልጁ ሌሊት ሲያስለው አብሮ የሚያድር ወላጅ በመካከላችን አለ። ሳሉ ሁሉ ከጭስ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የመርከቡ ወደብ፣ የነዳጅ ማጣሪያውና የጭነት መኪናው መንገድ ከመስኮታችን ብዙም አይርቁም። ወላጁ ለመድኃኒት ይከፍላል፣ የሥራ ቀን ይቀርበታል። ይህ ወጪ ጭሱን በለቀቀው ሰው ሒሳብ ላይ አይጻፍም። ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ1920 ባወጣው መጽሐፍ ያነሣው ይህንኑ ነው፤ በሌላው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ ግብር ይጣልበት አለ። በዕብራይስጥ «ሃመዛሄም መሻሌም» ሲባል የምትሰሙት፣ የበከለ ይክፈል ማለት ነው።

ስዊድን ይህንን በብልሃት ሠርታበታለች። በ1992 ከትልልቅ የኃይል ማመንጫ ማሞቂያዎች በሚወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ላይ በኪሎ 40 ክሮነር ክፍያ ጣለች። ገንዘቡን ግን መንግሥት አላስቀረውም፤ ለድርጅቶቹ ባመረቱት ኃይል መጠን ተመልሶ ይከፋፈላል። ብዙ ኃይል አምርቶ ጥቂት የሚያጨስ ያተርፋል፤ ብዙ የሚያጨስ ለጎረቤቱ ይከፍላል። እንደ ዕቁብ ቁጠሩት፤ ዕጣው ግን ለንጹሑ ያደላል።

በአገራችን በእስራኤልም ተሞክሯል። ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሐዴራና በአሽቀሎን የመብራት ማመንጫዎች የድንጋይ ከሰል ሲያነዱ ኖረዋል። በ2018 በከሰል ላይ ያለው ግብር ከእጥፍ በላይ ከፍ ተደረገ፤ በ2022 የመብራት ዋጋ ሲወደድ ደግሞ መንግሥት ለጊዜው ቀነሰው። እዩ እንግዲህ፣ ሕዝቡ በመብራት ሒሳቡ ሲጮህ መጀመሪያ የሚነካው የጭሱ ግብር ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን መኪና ነው። ከነሐሴ 2009 ጀምሮ «አረንጓዴ ግብር» የሚባል አለ። እያንዳንዱ አዲስ መኪና ከ1 እስከ 15 የብክለት ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ንጹሕ፣ 15 ቆሻሻ። የመግዣ ታክሱ 83 በመቶ ሲሆን፣ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቅናሹ ይጨምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አምራቾችም ገዢዎችም ወደ ንጹሑ አዘንብለዋል። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፣ ከመካከላችን አዲስ መኪና ከነፕላስቲኩ ያወጣ ስንት ሰው አለ? እኛ የምንገዛው ያድ ሽኒያ ነው፤ ያውም ሦስተኛና አራተኛ እጅ። ቅናሹ የሚደርሰው ከመጀመሪያውም ገንዘብ ላለው ነው።

ሃይፋ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ፣ በከባድ መኪናዎች ጀምራ፣ ማጣሪያ ያልገጠሙ አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ወደ ተከለለው የከተማዋ ክፍል እንዳይገቡ ከልክላለች። ማጣሪያ ለሚያስገጥም መንግሥት ከዋጋው ድጎማ ሰጥቷል። እኔ ይህንን እደግፋለሁ፤ ጭሱን የምንተነፍሰው እኛው ነንና። ሆኖም ድጎማ እንዳለ በወቅቱ በአማርኛ ያልተነገረው፣ በአንድ አሮጌ መኪና ዕቃ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ከሕጉ የሚደርሰው ቅጣቱ ብቻ ይሆናል። ይህን አንቀበልም።

እንግዲህ ከግብሩ የሚገባው ገንዘብ የት እንደሚሄድ እንጠይቅ። ጎህ ሳይቀድ ፋብሪካ የሚገባ ሰው አውቶቡስ ካላገኘ፣ ግብሩ ቢጨመርም ያችኑ አሮጌ መኪና ይነዳል፤ ምርጫ የለውማ! ስለዚህ ከገንዘቡ ከፊሉ ለማለዳ አውቶቡስና አሮጌ መኪናውን ለሚያስረክብ ሰው ካሣ ይዋል ነው የምንለው።

ለዒሪያ የምናቀርበው ደብዳቤ በአማርኛና በዕብራይስጥ ተጽፎ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ወጣቶቹ ያነቡላቸዋል። የማለዳው አውቶቡስ በየትኛው ሰፈር እንደሚያስፈልግም እዚያው አስመዝግቡ።