ምሕንድስናንና ሥዕልን አንድነት ለሚወድ ተማሪ
(በማኅበሩ የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበትን ቅጽ ይዞ መጣና «ሒሳብም እወዳለሁ፣ ሥዕልም እወዳለሁ፤ ምን ልግባ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ፈተና ደርሶብኝ ስለ ነበር ከደብተሬ ቀና ሳልል «አርክቴክቸር ግባና ተገላገል» አልሁት። በቤታችን የታላቅ ቃል አይታለፍምና እንዳልሁት ጻፈ። ቅጹ ገና አልተመለሰም፤ ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ግማሹ ለእናንተ፣ ግማሹ ለእርሱ ነው።

መልሴ የስንፍና መልስ ነበር። አርክቴክቸር ራሱን የቻለ ሙያ ነው እንጂ ምሕንድስናና ሥዕል እኩል ለእኩል የተቀላቀሉበት አይደለም። የሞተር አሠራር የሚያስደንቀው ልጅ በዚያ ሞተር አያገኝም፤ የሰው ፊት መሣል የሚወደውም ብዙውን ሌሊት በፕላንና በሞዴል ሥራ ያነጋል። ቤትና ከተማ የሚያሳስበው ግን እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ሆኖ ወደ ተጀመረው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ወደ ሆነው የልደታ ተቋም ቢሄድ ደስ ይለኛል።

«እንግዲያው ከሁለቱ አንዱን ይተው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። መምህራኑ ተሰጥኦውን አይተው አበረታቱት፤ እርሱም ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገባ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ያየ ሰው፣ ማዕድን ባለመቆፈሩ አይቆጭም። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1919 ከስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሞክር ቆይቶ፣ በ1923 ኒው ዮርክ ወደሚገኘው አርት ስቱደንትስ ሊግ ገባ። ይህ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አይጠይቅም። በሽቦና በቆርቆሮ ሠርቶ ከጣራ ያንጠለጠላቸው፣ በነፋስ ሽውታ የሚዞሩት ቅርጾች ሚዛናቸውን እንዴት እንደ ጠበቁ የምሕንድስና ተማሪ ያውቀዋል።

ሁለቱም የተሳካላቸው ሁለተኛው በር ክፍት ሆኖ ስለ ቆያቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ እንግዲህ ይህን መርምሩ፤ በአንዱ ስትገቡ ሌላው ይዘጋል ወይስ ገርበብ ይላል? ሒሳብ እንደ ደረጃ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ካልኩለስ የሚጀምር ሰው ጥቂት ነው። እጅ ግን በየዕለቱ ከሠራ በማታም ሰዓት ይለመልማል። ስለዚህ ልቡ ለሁለት ለተከፈለ ተማሪ ምሕንድስናውን አስቀድም እለዋለሁ፤ ነገር ግን የሥዕል ትምህርት ቤት በእግር በሚደረስበት ቦታ ይሁን። ምሕንድስናው አምስት ኪሎ፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ቴክኖሎጂ ብቻ የሚያስተምር፣ ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ልጅ ምድረ በዳ ሊሆንበት ይችላል። ሳይሥል ውሎ ማደር የማይችል ግን ምክሬን አይስማ፤ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ይሂድ። በዚያም የትምህርት ውጤት ብቻ አይበቃውም፤ በእጁ ሥሎ ማሳየት አለበትና ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋጅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ «ከሌላ ፋኩልቲ የምወስደው ትምህርት ይቆጠርልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቃል «አዎን» ቢሏችሁ በጽሑፍ አሳዩን በሉ። እኔ ቃል አምኜ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የተማርሁት ሳይቆጠርልኝ ቀርቷል። የት እንደ ሆነ አልናገርም።

ቅዳሜ ጧት ወንድሜን ይዤ አምስት ኪሎ እሄዳለሁ። ወርክሾፑን አይተን፣ ከዚያ በእግራችን ወደ ሥዕሉ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ቅጹንም እርሳስና ላጲስም እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ። አብሮን መሄድ የሚፈልግ በሦስት ሰዓት በሩ ላይ ይጠብቀን።