እንቅርትና ጨዋችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንቅርት «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እስኪባል ድረስ በአገራችን የታወቀ በሽታ ነው። ከየት እንደሚመጣና እኛስ ምን ማድረግ እንደምንችል ባጭሩ ልናገር።

በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። እሱን የምታዘው ደግሞ ከአንጎል ሥር የተቀመጠች፣ ሽምብራ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ናት። ነገሩን በዕድራችን ላስረዳ። ፒቱታሪ ዳኛ ናት እንበል። በደም የምትልከው ሆርሞን ጥሩንባ ነፊው ነው፤ ታይሮይድ ወጥ ቤቱ። ጥሩንባው ሲሰማ ወጥ ቤቱ ድስት ይጥዳል፤ ይኸውም ታይሮግሎቡሊን የተባለውን ትልቅ ፕሮቲን ይሠራል። ከምግብ የሚገኘው አዮዲን በዚህ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ የታይሮይድ ሆርሞን ይወጣዋል። ይህ በደም ውስጥ ሲበቃ ዳኛዋ ጥሩንባውን ታሳርፋለች።

ነገሩ በእንስሳት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1916 ፊሊፕ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእንቁራሪት ግልገሎች ገና ከጅምሩ ፒቱታሪን ቢያወጣባቸው፣ ታይሮይዳቸው ቀጭጮ ቀረ፤ እነሱም እንቁራሪት ሳይሆኑ ቀሩ። በአይጥም እንዲሁ ነው። ፒቱታሪው ሲወጣ ታይሮይዱ ይሟሽሻል፣ የፕሮቲን ሥራውም ይቀንሳል፤ አዛዡን ሆርሞን በመርፌ ሲሰጡት ሥራው ይመለሳል።

ታዲያ አዮዲን ሲጠፋስ? ድስቱ ይጣዳል፣ የሚገባበት ግን የለም። ዳኛዋ ደጋግማ ጥሩንባ ታስነፋለች፤ ወጥ ቤቱም ድስት እየጨመረ ይሰፋል። እንቅርቱ ይኸው ነው። ስለዚህ አንገትን ማቃጠልም ሆነ መብጣት ምክንያቱን አያነሣውም። የባሰው ጉዳት ደግሞ አንገት ላይ አይታይም። እርጉዝ እናት አዮዲን በብርቱ ካነሳት የሕፃኑ አንጎል ይጎዳል፤ ያ ደግሞ በኋላ አይመለስም። ፍየልና በግም አዮዲን ሲያጡ እንቅርት ያለበት ግልገል ይወልዳሉ።

መቀሌ የጨው ከተማ ናት። ከዓፋር በበራህሌ በኩል በግመል ይመጣ የነበረው አሞሌ የከተማችን ታሪክ ነው። ዳሩ ግን ጨው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አዮዲን ሊጨመርበት ይገባል። ቀድሞ ከኤርትራ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 204 ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉ ግን ገበያ ወርዶ አይገዛልንም፤ የምንገዛው እኛው ነን።

እንግዲህ እናቶች፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ጨው ግዙ። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ ክደኑት፤ ወጡ ሲወርድ ጨምሩት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም። አንገቱ ያበጠበት ሰው ደግሞ ሐኪም ይየው፤ እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን ማነስ አይመጣምና።

በመጨረሻ ለስብሰባው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዕድራችን ለሐዘን ቤት የሚገዛው ጨው ከዛሬ ጀምሮ አዮዲን ያለው ይሁን። ዕድር ሙት ለመቅበር ብቻ አልተቋቋመም፤ ልጆቻችን ጤነኛ ሆነው እንዲያድጉም መረዳዳት ነው።