በአቶሚክ ሰዓት የማይታየውን ቁስ ፍለጋ



በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ በጥቅምት ወር ከጤፍ ማሳ ዳር ቢቆም ነፋስ ሲያልፍ ይመለከታል። ነፋሱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ጤፉ ነው። በመጀመሪያ የማሳው አንደኛው ዳር ያጎነብሳል፥ ቀጥሎ መካከሉ፥ በመጨረሻም ማዶ ያለው ዳር። አንዲት ዛላ ብቻ ብትወዛወዝ ግን ወፍ አርፋባት ይሆናል እንጂ ነፋስ ነው አይባልም።

ዛሬ የምንነጋገርበት ምርምር በዚሁ ዓይነት የሚሠራ ነው። በዓለም ካለው ቁስ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ያህል ብርሃን የማይሰጥ መሆኑን የጋላክሲዎች አዟዟር ያስረዳል። ሊቃውንት ጨለማ ቁስ ብለው ሰይመውታል፤ ምንነቱን ግን የደረሰበት የለም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አንድሬ ዴሬቪያንኮና ማክሲም ፖስፔሎቭ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህ ነገር በአቶሚክ ሰዓት ሊፈለግ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። አቶሚክ ሰዓት የሚቆጥረው ከአቶም ጋር የተስማማውን የሞገድ ንዝረት ነው፤ ከ1967 ወዲህ አንድ ሴኮንድ ማለት በሴዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። በብቸናና በሞጣ አድባራት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በዚህ ቁጥር አይደነግጥም። እርሱ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት እያለ እስከ ሳድሲት ያወርደዋልና። አንዲት ሳድሲት የሴኮንድ 540,000ኛ እጅ ናት፤ በእርስዋም ውስጥ ሴዚየሙ ከ17,000 ጊዜ በላይ ይቆጥራል።

እንግዲህ ጨለማው ቁስ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ በምድር ላይ ቢያልፍ የሰዓቶቹን አቆጣጠር በጥቂቱ ያፋልሳል ተብሎ ይገመታል። አንድ ሰዓት ብቻ ቢስት ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፤ ስለዚህ ማሳ ያስፈልጋል። ማሳውም በሰማይ ተገኘ። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች (በእጅ ስልካችሁ መንገድ የምትጠይቋቸው እነዚሁ ናቸው) ሁሉም አቶሚክ ሰዓት ይዘዋል። የክበባቸው ወርድ 50,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አቋርጧቸው ይሄዳል፤ ሰዓቶቹም እንደ ጤፉ በየተራቸው ማጎንበስ ይኖርባቸዋል።

የ16 ዓመት መዝገብ ተመረመረ። በ2017 ውጤቱ ታተመ፤ የተገኘ ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል አይጠፋም። በመዝገብ ቤት የጠፋ ፋይል የፈለገ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል፤ ተፈትሾ ያለቀው መደርደሪያ ከፍለጋው ይወጣል። ሊቃውንቱም ያላገኙትን በቁጥር ወስነው፥ እንዲህ ያለ ግድግዳ ካለ ኃይሉ ከዚህ መጠን አይበልጥም ሲሉ ጻፉ። ለቀሩት መደርደሪያዎች ደግሞ በስትሮንቲየምና በኢተርቢየም የሚሠሩ፥ ከሴዚየሙ በትክክለኛነት እጅግ የሚበልጡ ሰዓቶች እርስ በርሳቸው እየተነጻጸሩ ናቸው።